የጠፋው ጀግና ከፍቶ ነበርን?

ልጆች ሆይ፥ በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ጀግኖች አሉ። አንደኞቹ በእውነት ተወልደው፥ በእውነት ኖረው፥ በእውነት የሞቱ ናቸው። ሁለተኞቹ ግን ከደራሲ ልብ የተወለዱ ናቸው፤ መቃብራቸው በምድር ላይ አይገኝም፥ ነገር ግን ስማቸውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የእነዚህን ታሪክ ልብ ወለድ እንለዋለን።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ የልብ ወለድ ጀግና ነው። ስሙም ሉክ ስካይዎከር ይባላል። ብዙ ሰዎች «ይህ ጀግና በስውር ወደ ክፋት ዞሯል» ብለው አምተውት ነበር፤ ሌሎችም «ከቶ አልዞረም» ብለው ተከራክረውለታል። እኔም ክርክሩን በሰማሁ ጊዜ፥ ነገሩ ከጨዋታ አልፎ ለትምህርት የሚሆን መሰለኝና ልጽፍላችሁ ወደድሁ። አስቀድሜ ታሪኩን ላስረዳ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጆርጅ ሉካስ የሚባል አሜሪካዊ በ1977 ዓመት «ስታር ዎርስ» የተባለ ሲኒማ አወጣ፤ ትርጓሜውም የከዋክብት ጦርነት ማለት ነው። በዚህ ታሪክ ሉክ አባቱንና እናቱን ሳያውቅ ያደገ የገበሬ ቤት ልጅ ነው። በበረሃ አገር ከአጎቱና ከአጎቱ ሚስት ጋራ ይኖራል፤ ሥራቸውም ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሰበሰቡ ውኃ ማውጣት ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ጨካኝ ንጉሠ ነገሥት ዓለሙን ሁሉ አስጨንቆ ይገዛ ነበርና፥ ወታደሮቹ የሉክን አሳዳጊዎች ገደሉ። ከዚህ በኋላ ጄዳይ ከሚባሉት ከጥንት አርበኞች የተረፈ አንድ ሽማግሌ ሉክን አስተማረው። እርሱም የብርሃን ሰይፍ ይዞ ስለ ተጨቆኑት ይዋጋ ጀመር።

በታሪኩ ውስጥ የማይታይ ኃይል አለ። ያ ኃይል የብርሃን ወገንና የጨለማ ወገን አለው። በትዕግሥትና በርኅራኄ የሚኖር ሰው በብርሃኑ ይጸናል፤ ቍጣን፥ ፍርሃትንና ጥላቻን የሚከተል ግን ወደ ጨለማው ይወድቃል። ከወደቁትም መካከል እጅግ የሚያስፈራው ጥቁር ጭምብል ያጠለቀው ዳርዝ ቬደር ነው። በ1980 ዓመት በወጣው በሁለተኛው ሲኒማ ሉክ ከዚህ ሰው ጋራ ተዋግቶ ቀኝ እጁን አጣ። በዚያችም ሰዓት ዳርዝ ቬደር አባቱ እንደ ሆነ ሰማ።

በ1983 ዓመት በወጣው በሦስተኛው ሲኒማ ንጉሠ ነገሥቱ ሉክን በፊቱ አቁሞ፥ ተቈጥቶ አባቱን እንዲገድልና በአባቱ ስፍራ እንዲቆም ፈተነው። ሉክም በእኅቱ ላይ የተዛተውን ዛቻ በሰማ ጊዜ በቍጣ ነድዶ አባቱን መታው፥ እጁንም ቈረጠው። ከዚያ በኋላ የአባቱን የተቈረጠ እጅ አየ፤ ቀጥሎም በብረት የተሠራውን የገዛ እጁን ተመለከተ። ወዴት እየሄደ እንደ ሆነም አስተዋለ። ያን ጊዜ ሰይፉን ወረወረና አባቱን መግደል እንቢ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ሉክን በመብረቅ ሲያሠቃየው አባቱ አይቶ ራራለት፥ ንጉሠ ነገሥቱንም አንሥቶ ወደ ጥልቁ ጣለው። አባትየውም በዚያው ቀን ሞተ፤ ነገር ግን ከክፋቱ ተመልሶ ሞተ።

እንግዲህ ሉክ ማለት ይህ ነው። ሰው ሁሉ ይህን እያወቀ ስለ ምን አማው? ነገሩ እንዲህ ሆነ።

ከ1983 ዓመት በኋላ ሉክ ጎልማሳ ሆኖ በአዲስ ሲኒማ ሳይታይ 32 ዓመት አለፈ። በ2012 ዓመት ዲዝኒ የተባለው ኩባንያ የጆርጅ ሉካስን ኩባንያ ገዛ፥ ታሪኩም እንዲቀጥል አደረገ። በ2015 ዓመት በኦክቶበር ወር የአዲሱ ሲኒማ ማስታወቂያ ሥዕል ለሕዝብ ታየ። በሥዕሉ ላይ የሉክ የቀድሞ ወዳጅ ሃን ሶሎ ነበረ፥ እኅቱ ሌያም ነበረች። አዳዲስ ሰዎችም ነበሩ። ካይሎ ሬን የሚባል፥ ጥቁር ልብስ የለበሰና ጭምብል ያጠለቀ ክፉ ሰውም ነበረ። ሉክ ግን አልነበረም። የሲኒማው አዘጋጅ ጄ ጄ ኤብራምስ ሉክ ከሥዕሉ የቀረው በአጋጣሚ እንዳልሆነ ተናገረ፤ ምክንያቱን ግን አልገለጠም።

እነሆ፥ በዚህ ጊዜ ወሬ ተነሣ። አንዳንዱ «ሉክ ከፍቶአል» አለ። ሌላውም «ከጭምብሉ በታች ያለው ክፉ ሰው ራሱ ሉክ ነው» እስከ ማለት ደረሰ። ሲኒማውን ያየ ሰው ገና አልነበረም፤ ፍርዱ ግን ከወዲሁ ተፈረደ።

ከሳሾቹ አራት ማስረጃ ያቀርቡ ነበር። ፊተኛው የዘር ነገር ነው፤ አባቱ ክፉ ነበርና ልጁም አባቱን ይከተላል አሉ። ሁለተኛው የልብስና የአኳኋን ነገር ነው፤ በ1983ቱ ሲኒማ ሉክ ጥቁር ልብስ ለብሶ ወደ አንድ ሽፍታ ቤት ሲገባ፥ እንደ አባቱ በማይታይ ኃይል የዘበኞቹን ጉሮሮ አንቋል አሉ። ሦስተኛው የሕልም ነገር ነው፤ በ1980ው ሲኒማ ሉክ በዋሻ ውስጥ የዳርዝ ቬደርን አምሳል መትቶ ጥሎ ነበር፥ ጭምብሉም በተሰበረ ጊዜ የታየው የራሱ የሉክ ፊት ነበር፤ ይህም የሚመጣውን የሚያመለክት ነው አሉ። አራተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ነው፤ ጠፍቷል፥ ዝምም ብሏል፤ ደኅና ሰው ከሆነ ስለ ምን ይሸሸጋል አሉ።

ጠበቆቹም በበኩላቸው መለሱ። ልጅ የአባቱን መልክ ይወርሳል እንጂ የአባቱን ኃጢአት መሥራት ግዴታ የለበትም፤ ይልቁንም ይህ ልጅ አባቱን ከክፋት የመለሰ ነው አሉ። ልብስ ልብን አያሳይም፥ በዋሻው የታየውም ማስጠንቀቂያ ነበር፤ የተጠነቀቀ ሰውም ሰይፉን ወርውሮ አሳይቷል አሉ። ስለ አራተኛው ነገር ግን የሚመልሱት አጡ። መጥፋቱ እውነት ነበርና።

እኔም ይህን ክርክር ለተማሪዎች አቀረብሁላቸው። ሲኒማውን ሁሉም አላዩትም ነበርና ታሪኩን እስከ ሥዕሉ ድረስ ተረክሁላቸው። ከዚያም «ፍረዱ» አልኋቸው።

አንድ ብላቴና ፈጥኖ ተነሣና «መምህር ሆይ፥ ከፍቶአል። ንጹሕ ሰው አይሸሸግም» አለ።

አንዲት ልጅም ወደ እርሱ ዞራ «አንተ ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርተህ ነበር። ከፍተሃል አልንህን?» አለችው።

«እኔማ ወባ ይዞኝ ተኝቼ ነበር» አላት።

«እኛ መታመምህን አላወቅንም ነበር» አለችው።

ብላቴናው ጥቂት ዝም አለና «እንግዲያስ ሌባም ሲሰርቅ ይሸሸጋል፤ ይህንስ ምን ትያለሽ?» ብሎ መለሰላት። ሌሎቹም ሳቁ።

እኔ ግን ሁለቱም ደኅና እንደ ተናገሩ ነገርኋቸው። ሌባ ይሸሸጋል። በሽተኛ ተኝቶ ይቀራል። ሐዘንተኛ በሩን ይዘጋል። መንገደኛ በሩቅ አገር ይውላል። ያፈረ ሰውም ከወዳጆቹ ፊት ይሸሻል። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው እነዚህ ሁሉ አንድ ይመስላሉ፤ ቦታው ባዶ ነውና። ስለዚህ ባዶ ቦታ ሲታይ «ምን ሆኖ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱን ግን ከባዶው ቦታ ማንበብ አይቻልም፤ ሄዶ መፈለግ ያስፈልጋል። አባቶቻችን ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ማለታቸው ስለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ እንዴት እንደ ተፈጸመ ልንገራችሁ። በ2015 ዓመት በዲሴምበር ወር ሲኒማው ወጣ። ካይሎ ሬን ጭምብሉን ባወለቀ ጊዜ ሉክ አለመሆኑ ታወቀ። ሉክ የታየው በታሪኩ መጨረሻ ብቻ ነው። ሬይ የምትባል ቈንጆ ወደ አንዲት ደሴት ተራራ ወጥታ አገኘችው፥ የቀድሞ ሰይፉንም ዘረጋችለት። ጠጕሩና ጺሙ ሸብቶ ነበር። አንድም ቃል ሳይናገር ተመለከታት፤ ሲኒማውም በዚያ አለቀ። ያ ሥዕል የተነሣው በአየርላንድ አጠገብ በባሕር ውስጥ ባለች ስኬሊግ ማይክል በምትባል ዐለታማ ደሴት ነው። በዚያች ደሴት ላይ በጥንት ዘመን መነኮሳት ከድንጋይ በተሠራ ጎጆ ይኖሩባት ነበር። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ ብቻውን የቆመ ሰው ባሕታዊ ነው ወይስ ወንጀለኛ? አሁንም አልታወቀም ነበር።

በ2017 ዓመት በዲሴምበር ወር የወጣው ሲኒማ ምስጢሩን ገለጠ። ያዘጋጀውም ራያን ጆንሰን ነው። ካይሎ ሬን የሉክ የእኅቱ ልጅ ነበረ፤ የቀድሞ ስሙም ቤን ይባላል። ሉክ ያስተምረው ነበር። ነገር ግን አንድ ሌሊት በመምህሩና በተማሪው መካከል አንድ ነገር ሆነ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ተቃጠለ፥ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ ሞቱ፥ ብላቴናው ወደ ጨለማ ወገን ሄደ፥ መምህሩም ወደ ደሴቲቱ ሸሸ።

የዚያ ሌሊት ነገር በሲኒማው ውስጥ ሦስት ጊዜ ይነገራል፤ አነጋገሩም ሦስት ዓይነት ነው። መጀመሪያ ሉክ ለሬይ ሲነግራት፥ ብላቴናውን ሊያነጋግር ወደ ጎጆው እንደ ገባ፥ ብላቴናውም ተነሥቶ ጎጆውን በላዩ እንዳፈረሰበት ይናገራል። ቀጥሎ ብላቴናው ሲናገር፥ ከእንቅልፉ ሲነቃ አጎቱ የብርሃን ሰይፍ አብርቶ ሊገድለው በላዩ ቆሞ እንዳየ ይናገራል። በመጨረሻ ሬይ እውነቱን እንዲነግራት ሉክን ግድ ባለችው ጊዜ እርሱ ሁሉን ገለጠ። ወደ ተኛው ብላቴና ልብ ተመልክቶ ነበር፤ ከገመተውም የበለጠ ጨለማ አየ። የሚወዳቸው ሰዎች ሁሉ ሲጠፉ ታየው። በድንጋጤም ሰይፉን አበራ። ያ ሐሳብ በቅጽበት መጥቶ በቅጽበት ለቀቀው፥ ኀፍረት ብቻ ቀረበት። ነገር ግን ብላቴናው ዓይኑን ገልጦ የበራውን ሰይፍ አየ።

ልጆች ሆይ፥ እስቲ ይህን መርምሩ። ሉክ በመጀመሪያ የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ሰይፉን ማብራቱን ደብቋል፥ ስለዚህ እኩሌታው እውነት እንደ ሐሰት ሆነ። ብላቴናውም ሰይፉን በዓይኑ አይቷል፤ የአጎቱን ልብ ግን አላየም፥ ስለዚህ ባየው ላይ ያላየውን ጨመረበት። በሦስተኛው ነገር ብቻ የእጅ ሥራና የልብ ሐሳብ በአንድነት ተገለጡ። ከአንድ ወገን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ሊስት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሉክ በስውር ወደ ክፋት ዞሮ ነበርን?

እኔ አልዞረም እላለሁ፤ ነቀፋ የሌለበት ነው ግን አልልም። ክፉ ሐሳብ የማይጎበኘው ሰው የለም። ሐሳቡ ከደጅ ሲያንኳኳ መስማት አንድ ነገር ነው፤ በሩን ከፍቶ፥ ምንጣፍ አንጥፎ፥ ራት አብልቶ ማሳደር ሌላ ነገር ነው። ዳዊትም በዋሻ ውስጥ የልብሱን ጫፍ ከሳኦል ቈርጦ ነበር፤ ሳኦል በእጁ ነበርና ሊገድለው ይችል ነበር። ነገር ግን ያን ጥቂት ነገር ስለ ማድረጉ እንኳ ልቡ መታው፥ ሰዎቹንም ከለከላቸው። የዳዊት ልብ መመታቱ ክፉ ሰው አለመሆኑን ያሳያል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ቢላዋውን አጥልቆ በደስታ ይወጣ ነበር። ሉክንም ኀፍረቱ ይመሰክርለታል።

የሉክ በደል ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኀፍረቱ ወደ ንስሐ በቶሎ አላደረሰውም፤ ወደ ደሴት ወሰደው እንጂ። የፈራውን ብላቴና ተከትሎ ሄዶ «በድዬሃለሁ» አላለውም። እኅቱና ወዳጁ በልጃቸው ምክንያት ሲያለቅሱ እርሱ ከሩቅ ተቀመጠ። ኤልያስም ከኤልዛቤል ፊት ሸሽቶ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ በታች ተኝቶ ሞትን ተመኝቶ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን እንጀራና ውኃ ሰጥቶ፥ አሳርፎ፥ ወደ ሥራው መለሰው። የደከመ ሰው መሸሹ ክፋት አይደለም። በሸሸበት መቅረት ግን ብዙ ሰው ይጎዳል።

ስለ ብላቴናው ደግሞ ዝም ልል አልወድም። ብዙ ተከራካሪዎች ጀግናውን ለመከሰስም ለማዳንም ሲጣደፉ እርሱን ረስተውታል። የብላቴናው ፍርሃት እውነተኛ ነበር። የሚያምነው መምህሩ በሌሊት ሰይፍ ይዞ በላዩ ቆሟልና። ነገር ግን ተበድያለሁ ብሎ ሌላውን ሁሉ መበደል አልተፈቀደለትም፤ የሞቱት ተማሪዎች ምን አደረጉት? ከእናንተ መካከል አንድ ታላቅ ሰው ያስፈራው ወይም የበደለው ልጅ ቢኖር፥ ነገሩን በልቡ ቀብሮ ቂም አያብቅል። ለእናቱ፥ ለአባቱ ወይም ለሚያምነው ሌላ ታላቅ ሰው ይንገር። ይህን መንገር ሐሜት አይባልም፤ እውነተኛ ምስክርነት ነው።

በታሪኩ ፍጻሜ ሉክ ተመለሰ። ሥጋው በደሴቲቱ ተቀምጦ ሳለ፥ በዚያ በማይታይ ኃይል አምሳሉን ወደ ጦር ሜዳ ላከ፥ ጥቂት ወዳጆቹም ከዋሻው በስተኋላ እስኪያመልጡ ድረስ በእኅቱ ልጅ ሠራዊት ፊት ብቻውን ቆመ። ቤንንም እንደ በደለው ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀው። በዚያ ውጊያ አንድ ሰው እንኳ በሰይፉ አልመታም። ከዚያም ኃይሉ አልቆ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ እያየ በደሴቲቱ ላይ ዐረፈ።

ስለዚህ ሲኒማ እስከ ዛሬ የማይስማሙ ሰዎች አሉ። ሉክን ሆኖ የተጫወተው ማርክ ሃሚል ራሱ፥ እንዲህ ያለ ጀግና ወዳጆቹን ትቶ አይሸሽም ብሎ ከአዘጋጁ ጋራ አለመስማማቱን በግልጥ ተናግሯል። ከዚህም በፊት በ1991 እና በ1992 ዓመት በወጣ «ዳርክ ኢምፓየር» በሚባል በሥዕል የተጻፈ ታሪክ፥ ሌላ ደራሲ ሉክን ለክፉው ንጉሠ ነገሥት እንዲገዛ አድርጎት ነበር፤ በዚያ ታሪክ ሉክ ክፋቱን ከውስጥ ገብቼ አጠፋለሁ ብሎ አስቦ ነበር፥ ለጊዜው ግን ጨለማው ያዘው። እንግዲህ የልብ ወለድ ሰው ዕድሉ በደራሲው ብዕር ላይ ነው። አንዱ ብዕር ያከፋዋል፥ ሌላው ብዕር ያነሣዋል። ብናማው አይታመምም፤ ብናመሰግነውም አይደሰትም። ስለዚህ ስለ እርሱ መከራከር ለማሰብ ለሚማር ልጅ ደግ ልምምድ ነው እላለሁ፤ ብንስትበት የሚጎዳ ሰው የለምና።

ሕያው ሰው ግን እንዲህ አይደለም። እርሱ በእኛ አንደበት ክፉ አይሆንም፤ ስሙ ግን ይከፋል፥ ልቡም ይቈስላል። በአንድ ሰፈር የሆነውን ልንገራችሁ።

በዚያ ሰፈር የእድር ገንዘብ ያዥ የነበረ አንድ ሰው ሁለት ወር በተከታታይ ከስብሰባ ቀረ። በመጀመሪያው ወር ማንም ምንም አላለም። በሁለተኛው ወር አንዱ «አዲስ ጫማ አድርጎ አይቼዋለሁ» አለ። ሌላው «አጎቱም ዕዳ ሳይከፍል ነው የጠፋው» አለ። ሦስተኛው «በመንገድ ሲያልፍ ሰላም አላለኝም» አለ። ሦስቱ ወሬ ተደምሮ ገንዘቡ ተበልቷል ተባለ። ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት «ልጆቼ፥ ደብተሩን ያየው ማን ነው? ቤቱስ የሄደው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። የሄደ ሰው አልነበረም።

ሁለት ሰዎች ተልከው ወደ ቤቱ ሄዱ። ሚስቱ ደብተሩንና የሣጥኑን ቁልፍ አውጥታ ሰጠቻቸው። ሰውየው የታመመ ልጁን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ በሆስፒታል ያስታምም ነበር። «የሚጠይቅ ከመጣ ስጪ ብሎኝ ነበር፤ የጠየቀኝ ግን የለም» አለቻቸው። ገንዘቡም ሲቈጠር አንድ ብር አልጎደለም።

ሰውየው በተመለሰ ጊዜ የተባለውን ሁሉ ሰማ። አልተጣላም። በሚቀጥለው ስብሰባ ቁልፉን በጠረጴዛ ላይ አኖረና «እባካችሁ ሌላ ሰው ምረጡ» አለ። ለመኑት፤ እርሱ ግን እንቢ አለ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ በሆነ ጊዜ ይመጣል፥ ድንኳን ይተክላል፥ ውኃም ያመላልሳል፤ ከሰው ጋራ መቀመጥ ግን ተወ። ወሬውን የጀመሩት ሦስት ሰዎች ምንም አልከፈሉም። ዋጋውን የከፈለው ምንም ያልበደለው ሰው ነው።

ሰውየውስ ለአንድ ጎረቤት ልኮ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል አልነበረምን? አዎን፥ ይቀል ነበር። ሉክም ለወዳጆቹ አንድ ቃል ቢልክ ኖሮ ብዙ ኀዘን ይቀር ነበር። ችግር ሲደርስባችሁ ከሚወዱአችሁ አትሰወሩ፤ ዝምታችሁን ሌላ ሰው በራሱ ቃል ይሞላዋልና። ነገር ግን ልጁ በሞት አፋፍ ላይ ያለ አባት መልእክት መላክ ቢረሳ ማን ይፈርድበታል? ሄዶ መጠየቅ የጤነኞቹ ድርሻ ነበር።

ኒቆዲሞስ በሸንጎ መካከል ተነሥቶ፥ ሕጋቸው ሰውን አስቀድሞ ከእርሱ ሳይሰማና ያደረገውን ሳያውቅ ይፈርድበት እንደ ሆነ ባልንጀሮቹን ጠይቋቸው ነበር። ባልንጀሮቹ ሰደቡት፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ ቆሞ አለ። እናንተም ስለ ሌለ ሰው ክፉ ወሬ በሰማችሁ ጊዜ ይህንኑ ጠይቁ። ተናጋሪው ምን አየ? ከማንስ ሰማ? ራሱን ሰውየውን የጠየቀ አለን? መልስ ካልተገኘ ፍርዳችሁን አቆዩት። ክፋቱ በእውነት ከተገኘም በፊቱ ንገሩት፥ የሚመለስበትንም በር አትዝጉበት፤ ዳርዝ ቬደር እንኳ በመጨረሻዋ ቀኑ ተመልሷልና።

ዛሬ ወይም ነገ ከመካከላችሁ አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀር ይሆናል። ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚል አይኖርም። አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ከትምህርት በኋላ በቤቱ በኩል ይለፍ፥ በሩንም አንኳኩቶ እንዴት እንዳለ ይጠይቀው።